«ሰንሰለቱ ይቆረጣል አይደል?» ሰዓት በስጦታ ለምትገዙ ሁሉ

የምርቃት ሰሞን ሲደርስ ሰዓት ቤታችን ይሞላል። እህት ለወንድሟ፣ አባት ለልጁ፣ ጓደኛሞች አዋጥተው ለጓደኛቸው ይገዛሉ። ደስ የሚል ሥራ ነው። ግን የሚነገሩኝ ነገሮች ዓመት በዓመት አይለወጡም። ስለ ብራንዱ ይጠይቁኛል። ውሃ ያስገባል ወይ ይሉኛል። ዋጋ ይከራከሩኛል። ሰዓቱን ስለሚያስረው እጅ ግን ማንም አያነሳም። ከሳምንት በኋላ ያው ሰው ካርቶኑን ይዞ ይመለስና «እጁ ላይ አላማረም» ይለኛል። እንዴት ያምራል? እጁን ማን ለካው?

ስለዚህ ስመልስ የኖርኩትን ሁሉ እዚህ ልጻፈው።

«ሰንሰለቱ ይቆረጣል፤ ስለዚህ ለማንም ይሆናል»

ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። በቀን ስንቴ እንደምሰማው አልነግራችሁም። «ወንድሜ፣ ሰንሰለቱን ታሳጥርልኛለህ አይደል?» አዎ፣ አሳጥራለሁ። ሁለት ሦስት ፍሬ አውጥቼ ወዲያው መልሼ እገጥመዋለሁ። የማላሳጥረው የሰዓቱን አካል ነው፤ መስታወቱንና ፊቱን የያዘውን ብረት። እሱ ከፋብሪካ እንደወጣ ይኖራል። የጫማ ክር ጠበቅ አድርጎ ማሰር 43 ቁጥር ጫማን 39 አያደርገውም። ሰዓትም እንደዚያው ነው።

ሰዓቱን ገልብጣችሁ እዩት። ከላይና ከታች ማሰሪያው የሚያያዝባቸው ጫፎች አሉት። እጅ ላይ የሚጋደመው ከላይኛው ጫፍ እስከ ታችኛው ጫፍ ያለው ርዝመት ነው። ይህ ርዝመት ከእጅ አንጓ ጠፍጣፋ ገጽ ከበለጠ፣ ጫፎቹ በሁለት በኩል ከእጅ ውጪ ይቀራሉ። ሰንሰለቱ ቆዳ ሳይነካ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። በጎን ስታዩት በእጁና በሰንሰለቱ መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። እንዲህ ያለ ሰዓት ቢጠብቅም ይዞራል። ሰውየው ሲመልሰው ይውላል። በጎን ያለችው ማስተካከያ ቁልፍ የእጁን ጀርባ ትወጋዋለች፣ የሸሚዙ እጅጌ ይያዛል። ከዚያ መሳቢያ ውስጥ ይገባል፤ ሰጪው ደግሞ «ስጦታዬን አልወደደውም» ብሎ ይቀየማል።

አንድ አባት ዱባይ ያለች ልጃቸው የላከችላቸውን ሰዓት ይዘው መጡ። ስፋቱ 46 ሚሊ ሜትር፣ ከባድ የብረት ሰንሰለት ያለው። ለአባቷ ብላ ደሞዟን ያወጣችበት ዕቃ ነው። የእጃቸውን ዙሪያ ለካሁት፤ 16 ሴንቲ ሜትር። ፍሬ አውጥቼ አውጥቼ ሰንሰለቱ ልክ ሆነ፣ ሰዓቱ ግን ከእጃቸው ግራና ቀኝ ወጥቶ ቀረ። «ልጄ የላከችውን እንዴት አላስረውም» አሉኝ። አሁን እሑድ እሑድ ብቻ ያስሩታል። በአዘቦት ቀን የሚያስሩት የድሮ ሲኮ ሰዓታቸውን ነው። ሲኮውን ለካሁት፣ 37 ሚሊ ሜትር ነው። ልጅቷ ከመግዛቷ በፊት ወንድሟን «የአባባን ሰዓት ለካና ንገረኝ» ብትለው ኖሮ ጉዳዩ በአንድ የስልክ መልእክት ያልቅ ነበር።

እሷን አልወቅስም። ገዝታበት የነበረው ሱቅ «ለአባትሽ ነው? ማሰሪያው ይስተካከላል» ብሎ ሸጦላታል። እኔን የሚያበሳጨኝ ይህን የሚል ሻጭ ነው። የሚያውቀውን ትቶ የሚሸጥለትን ይናገራል።

«40 ነው ተብሎ ተጽፎበታል፤ ስለዚህ ልኩ ይታወቃል»

ያ ቁጥር የአካሉን ስፋት ነው የሚናገረው፣ ያውም በጎን ያለችውን ቁልፍ ሳይጨምር። ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለውን ርዝመት አይነግራችሁም። ሁለቱ ደግሞ አብረው አይሄዱም።

ብዙዎቻችሁ የምታውቁት የሲኮ ጠላቂ ሰዓት አለ፣ ኤስኬኤክስ 007 የሚባለው። ስፋቱ 42.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን ከጫፍ እስከ ጫፍ 46 ገደማ ብቻ ነው። የጀርመኑ ኖሞስ ለተመራቂዎች ስጦታ እንዲሆን ብሎ የሚያቀርበው ክለብ ካምፐስ የሚባል ሰዓት ደግሞ ስፋቱ 38.5 ነው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ግን ከ48 ሚሊ ሜትር በላይ ይረዝማል። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ለቀጭን እጅ ሁለተኛውን ይመርጣል። ቀጭን እጅ ላይ አልፎ የሚወጣው እሱ ነው።

በስማርት ሰዓትም ተመሳሳይ ስህተት አለ። አፕል ዎች 44 ሲባል 44ቱ ከላይ እስከ ታች ያለው ቁመት ነው። ወርዱ 38 አካባቢ ነው። ከ44 ሚሊ ሜትር ክብ ሰዓት ጋር አታወዳድሩት።

ፊቱም ዓይን ያታልላል። ነጭ ፊትና ቀጭን ጠርዝ ያለው ሰዓት ከልኩ ገዝፎ ይታያል። ጥቁር ፊትና ወፍራም ጠርዝ ያለው አነስ ይላል። አራት ማዕዘን የሆነው ተመሳሳይ ወርድ ካለው ክብ ሰዓት ይበልጣል፣ ማዕዘኖቹም ቦታ ይይዛሉና። በስልክ ከቅርብ የተነሳ ፎቶ አይታችሁ ደግሞ በፍጹም አትወስኑ። ካሜራው የቀረበለትን ነገር ያገዝፋል።

«ትልቅ ሰዓት ክብር ነው»

ይሄ በተለይ ለአባት፣ ለሽማግሌና ለሙሽራ ሲገዛ ይመጣል። «ትንሽ ከሰጠሁት የናቅኩት ይመስላል» ይላሉ። ግዙፍ ሰዓት የመጣው ከክብር አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን አየር ኃይል የበረራ አቅጣጫ መሪዎች የሚያስሩት ሰዓት 55 ሚሊ ሜትር ነበር፤ በወፍራም ጃኬት ላይ የሚታሰር የሥራ መሣሪያ ነው። የጣሊያን ባሕር ኃይል ጠላቂዎች የነበራቸው 47 ሚሊ ሜትር የፓኔራይ ሰዓትም በመጥለቂያ ልብስ ላይ የሚታሰር ነበር።

የክብር ሰዓት የተባሉትን ብታዩ ትናንሾች ናቸው። ሮሌክስ ዴትጀስትን በ1945 እ.ኤ.አ. ሲያወጣ 36 ሚሊ ሜትር አድርጎ ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነበረ አንድ የወርቅ ፓቴክ ፊሊፕ ሰዓት በ2017 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ውስጥ በክሪስቲስ ጨረታ ወደ 2.9 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ ተሸጧል። የዚያ ሞዴል ስፋት 37 ሚሊ ሜትር ነው። ለንጉሠ ነገሥት ያላነሰ ሰዓት ለአባታችሁ አያንስም።

ለሙሽራ ስትገዙ ውፍረቱንም እዩ። ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነ ሰዓት የሸሚዝ እጅጌ ሥር አይገባም፤ ሙሽራው ፎቶ በተነሳ ቁጥር እጅጌውን ሲጎትት ይውላል። ለሱፍ ልብስ ከ10 ሚሊ ሜትር ብዙም ያልበለጠ ጥሩ ነው።

«ዓይናቸው ደክሟል፤ ትልቅ ይሁንላቸው»

ሐሳቡ መልካም ነው፣ መፍትሔው ግን ስህተት ነው። ሰዓትን የሚያስነብበው የቀለም ልዩነትና የቆጣሪዎቹ ውፍረት ነው። ነጭ ፊት፣ ደማቅ ጥቁር ቁጥሮች፣ ወፈር ያሉ ጥቁር ቆጣሪዎች ያሉት 36 ሚሊ ሜትር ሰዓት፣ በውስጡ ሦስት ትናንሽ ክቦችና የሚያብረቀርቁ ቆጣሪዎች ካሉት 45 ሚሊ ሜትር ይልቅ በግልጽ ይነበባል። ሰዓቱን ክንድ በሚደርስበት ርቀት ያዙትና መብራት ሥር አዘንብሉት። ቆጣሪዎቹ ከጠፉባችሁ ለእሳቸው ደግሞ የባሰ ይጠፋሉ።

«ለሴት ትንሽ፣ ለወንድ ትልቅ»

ለእጅ ነው የሚገዛው፣ ለጾታ አይደለም። ለነርስ ምርቃት ልትገዛ የመጣች እናት በወርቅ የተለበጠች፣ ቁጥርም የሰከንድ ቆጣሪም የሌላት ትንሽ ሰዓት መርጣ ነበር። ልጅቷ የበሽተኛ የልብ ምት የምትቆጥረው በምኗ ነው? የእጇን ዙሪያ ጠይቄ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ስትለኝ፣ 34 ሚሊ ሜትር፣ ነጭ ፊት፣ ቀይ የሰከንድ ቆጣሪ ያለው ሰጠኋት። ሱቁ ውስጥ «የወንድ» ተብሎ የተደረደረ ነበር። ካሲዮ ኤፍ-91ደብሊውን ደግሞ ወንዱም ሴቱም ያስረዋል፤ 21 ግራም ብቻ ስለሚመዝን ቀጭን እጅ ላይም አይዞርም።

«ረጅም ሰው ነው፤ እጁም ወፍራም ይሆናል»

አይሆንም። ቁመታቸው በሩን የሚነካ፣ እጃቸው ግን 16 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወንዶች ሞልተዋል።

«ልጅ ነው፣ ያድግበታል»

እስኪያድግበት ይሰብረዋል ወይም ይጥለዋል። አሁን የሚሆነውን ግዙ።

«ሰርፕራይዝ ስለሆነ ልለካው አልችልም»

ትችላላችሁ። እንዲያውም ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይሄን ያዙ።

የድሮ ሰዓት ካለው አልቋል። ገላውን ሲታጠብ ወይም ሲተኛ አንሱት። የቆዳ ማሰሪያ ከሆነ ቀዳዳዎቹን እዩ። ከነሱ አንዷ ከሌሎቹ ሰፍታለች፣ ሞላላ ሆናለች፤ ዘለበቱ የተጫነበት ቦታም ቆዳው ላይ መስመር አውጥቷል። ያቺ ናት የእጁ ልክ። ማሰሪያውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ከዘለበቱ እስከዚያች ቀዳዳ በልብስ ሰፊ ሜትር ለኩ። የእጁን ዙሪያ አገኛችሁ። የብረት ሰንሰለት ከሆነ ቆልፋችሁ ውስጡን በክር ዙሩና ክሩን በማስመሪያ ለኩ። ከዚያ የዚያኑ ሰዓት ስፋትና ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለውን ርዝመት ጻፉ። ይህን ሦስት ቁጥር ይዛችሁ ብትመጡ እኔም ሌላም ሻጭ አንሳሳትም።

ሰዓት የሌለው ከሆነ አምባሩን ለኩ፤ አምባር ላላ ስለሚል ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ ቀንሱ። እሱም ከሌለው እናቱን፣ ሚስቱን ወይም የክፍል ጓደኛውን አስጠይቁ። ሰዓት በሚያስርበት እጁ ይሁን፤ ብዙ ሰው የሚሠራበት እጁ ትንሽ ይወፍራል።

ዙሪያውን ካወቃችሁ እኔ የምከተለው ይሄ ነው። እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ድረስ ከ28 እስከ 36 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ይሆናል። ከ16 እስከ 17 ለሆነ እጅ ከ36 እስከ 40 እመርጣለሁ። ወደ 18 ሲጠጋ 40 እና 42 ያምራል። 19ን ያለፈ እጅ ብቻ ነው 44ን በምቾት የሚሸከመው። እነዚህ መነሻ ናቸው። የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ርዝመት ነው፤ በእጁ ጠፍጣፋ ገጽ ውስጥ ካልተካተተ ቁጥሩ 38 ቢሆንም ተዉት። በሁለት መጠን መሐል ከዋለላችሁ ትንሹን ውሰዱ። ትንሽ ያነሰ ሰዓት ማንንም አያስቸግርም።

ስለ ማሰሪያ የሚባሉ ሌሎች ነገሮች

«ጥብቅ ይበል እንዳይወድቅበት» ይላሉ። እጅ በሙቀት ያብጣል። አዲስ አበባ ላይ በጥዋት ልክ የሆነ ሰንሰለት ድሬዳዋ ወይም ዱባይ ላይ ቀትር ሲሆን ቆዳ ውስጥ ይገባል። ትንሿ ጣት የምታልፍበት ቦታ ይቅር።

«ማንኛውም ማሰሪያ ለማንኛውም ሰዓት ይገባል» ይላሉ። አይገባም። በጫፎቹ መካከል ያለው ወርድ 18፣ 20 ወይም 22 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል፤ ማሰሪያው ከዚያው ጋር እኩል መሆን አለበት።

«የወጣውን ፍሬ ጣለው፣ አያስፈልግም» ይላሉ። እባካችሁ አታስጥሉኝ። ሰውየው ነገ ይወፍራል፣ ወይም ሰዓቱን ለወንድሙ ያወርሳል። የዚያ ሞዴል ፍሬ በኋላ ተፈልጎ ላይገኝ ይችላል። በትንሽ ላስቲክ ጠቅልሉና ከዋስትናው ወረቀት ጋር ካርቶኑ ውስጥ ክተቱት። ስጦታውን ስትሰጡም ንገሩት። ካልነገራችሁት ካርቶኑን ከነፍሬው ይጥለዋል።