ፖድፋክ፦ ሩሲያኛን ከሰላምታ የጀመርንበት ዓመት

ፖድፋክ ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት፣ በኋላም ወደ ሩሲያ፣ የሄደ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ከመግባቱ በፊት ቋንቋ የሚማርበት የመሰናዶ ክፍል ነው። ቃሉ «ፖድጎቶቪቴልኒ ፋኩልቴት» ከሚለው ያጠረ ነው። ትምህርቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ይፈጃል። እዚህ የምናየው ከዚያ ዓመት አንዱን ነገር ብቻ ነው፤ ሰዋስዋቸው ሳይፈታ፣ እንዳሉ የሚያዙትን የዕለት ተዕለት አባባሎች።

ከአድዋ ድል በኋላ በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ የሄዱት ተክለሐዋርያት ተክለማርያም ፖድፋክ የሚባል ነገር አልጠበቃቸውም። ቋንቋውን የያዙት ሩሲያውያን መካከል አድገው ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ለእስያ፣ ለአፍሪካና ለላቲን አሜሪካ ወጣቶች የታሰበ ዩኒቨርሲቲ ሞስኮ ላይ ተቋቋመ። በዓመቱ፣ በ1961፣ የኮንጎውን መሪ የፓትሪስ ሉሙምባን ስም ያዘ። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ግን የኢትዮጵያውያን ቁጥር በጣም ጨመረ። ሞስኮ፣ ሌኒንግራድ፣ ኪየቭ፣ ኦዴሳ፣ ሚንስክ፣ ታሽከንት፤ የትም አበሻ ነበር። ሐኪም፣ መሐንዲስና መኮንን ሆነው ተመልሰው አገር ያገለገሉ ብዙ ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የድምፅ ናቸው። መምህርቷ ትላለች፣ ክፍሉ ይደግማል። ቬትናሙም አንጎላውም ኩባውም አንድ ላይ ስለሚቀመጡ ሩሲያኛ የሚማሩት በሩሲያኛ ነው። ሌላውን ሁሉ የሚያስቸግረው «ы» የሚባለው አናባቢ ለእኛ ቀላል ነው፤ ከሳድሳችን ድምፅ ጋር በጣም ይቀራረባል። የሚያስቸግረን የተደራረበ ተነባቢ ነው። «ዝድራስትቩይቴ» የሚለው ሰላምታ ምላስ ላይ እስኪገባ ድረስ ቀናት ይወስዳል። ትርጉሙ ሲታወቅ ግን እንግዳነቱ ይቀራል። «ጤነኛ ይሁኑ» ማለት ነው፤ የእኛው ጤና ይስጥልኝ። «ስፓሲባ» የሚለውም ምስጋና «እግዚአብሔር ያድንህ» ከሚል የወጣ ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ ለሚል ሰው ይህ ባዳ አይደለም። አንተና እርስዎን ለይቶ ላደገ ተማሪም «ቲ» እና «ቪ»ን ማስረዳት አያስፈልግም። መምህርን በስሟና በአባቷ ስም መጥራትም እንደዚያው።

የከተማው ትምህርት ሌላ ነው። ሰልፍ ጋ ሲደርሱ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ክቶ ፖስሌድኒ?» ነው፤ የመጨረሻው ማነው? ሰውየው እኔ ነኝ ካለ «ያ ዛ ቫሚ»፣ ከእርስዎ ኋላ ነኝ፣ ይባላል። ከዚያ ዞር ብሎ መቀመጥም ይቻላል፤ ተራው ተይዟል። አውቶቡስ ውስጥ ደግሞ «ቪ ቪሆዲቴ?»፣ ይወርዳሉ ወይ፣ አለ። የእኛ «ወራጅ አለ» ለሾፌሩ ነው። የእነሱ ግን ከፊት ለቆመው ተሳፋሪ ነው፤ ካልወረደ መንገድ ይለቃል። ሞስኮ ሜትሮ ውስጥ በየጣቢያው የሚሰማው «ኦስቶሮዥኖ፣ ድቬሪ ዛክሪቫዩትስያ» (ተጠንቀቁ፣ በሮቹ እየተዘጉ ነው) ሳይታሰብ በጆሮ ይገባል። በኋላ ክፍል ውስጥ «ስያ» የሚለው የግስ መጨረሻ ሲመጣ ምሳሌው ቀድሞ ተሸምድዷል።

ማዕድ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። እኛ ዘንድ የሚበላው ሰው ነው ለመጣው «እንብላ» የሚለው። እዚያ የመጣው ሰው ነው ለሚበላው «ፕሪያትኖቮ አፔቲታ» ብሎ የሚመኘው። ሻወር ወስዶ በዶርም ኮሪደር ለሚያልፍም «ስ ሊዮግኪም ፓሮም» ይባላል፤ ከእንፋሎት መታጠቢያ የመጣ ምኞት ነው።

አስቸጋሪው የፈተናው ነው። ወደ ፈተና የሚገባ ጓደኛን «ኒ ፑሃ ኒ ፔራ» ይሉታል፤ ቃል በቃል «ለስላሳውም ትልቁም ላባ አይኑር»። አደን ከሚወጡ ሰዎች የመጣ ነው ይባላል። መልካም ምኞት በግልጽ ከተነገረ ዕድል ይርቃል የሚል ፍርሃት አለበት፤ ዓይን እንዳይበላ እንደሚባለው። መልሱ «ክ ቾርቱ!» ነው፤ ወደ ሰይጣን ሂድ! በጸበልና በጸሎት ያደገ ልጅ ይህን ከአፉ ማውጣት ይከብደዋል። «ስፓሲባ» ብሎ ሲመልስ ደግሞ ሩሲያውያኑ ይደነግጣሉ፤ ማመስገን ዕድሉን ያበላሻል።

«አይዞህ»ን ሙሉ በሙሉ የሚተካ ቃል ሩሲያኛ የለውም። «ዴርዢስ» ይቀርበዋል፤ ግን በርታ ጠንክር ይላል እንጂ አያቅፍም።

አባባል ማስቀደሙ ጥሩ ነው ወይስ ሰዋስው የሚለው ያከራክራል። ሰላምታና ሰልፍ ያወቀ ተማሪ ሌክቸር ላይ ተንገዳገደ የሚሉ አሉ። ነገር ግን ፖድፋክ በኋለኞቹ ወራት የሂሳብና የፊዚክስ ሩሲያኛ ለብቻ ያስተምር ስለነበር ወቀሳው ብዙም አይቆምም።

ከ1991 እ.ኤ.አ. የሶቪየት መፍረስ በኋላ የሚሄደው ተማሪ ቀነሰ። አዲስ አበባ ውስጥ ሩሲያኛ በፑሽኪን ስም በሚጠራው የባህል ማዕከል ይሰጣል። የባለቅኔው ቅድመ አያት ጋኒባል ከቻድ ሐይቅ አካባቢ ነው የሚሉ ተመራማሪዎች ቢኖሩም፣ እኛ የምናውቀው የመረብን ወንዝ አካባቢ ነው።

ራሺያ የተማሩ ሰዎች ስልክ ሲደዋወሉ፣ ወሬው በአማርኛ ቢሆንም፣ ስንብቱ ብዙ ጊዜ «ኑ፣ ዳቫይ» (በል እንግዲህ፣ እንደማለት) ነው። ይህን ክፍል ውስጥ ያስተማራቸው የለም። ከዶርም የያዙት ነው።