ከክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና በኋላ «ፈሳሽ ብቻ» ሲባል

ደጋግማችሁ የምትጠይቁት «አጥሚት ፈሳሽ አይደል እንዴ?» ነው። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት አይሆንም። ያኔ የሚፈቀደው ብርጭቆ ውስጥ ሲቀዳ ወዲያ ማዶ የሚያሳየው ነው፤ ውሃ፣ በደንብ የተጠለለ የሥጋ መረቅ፣ ስኳር የሌለው ቀጭን ሻይ። ወተትና ስስ አጥሚት ቀጥሎ ይመጣል፣ ከዚያ የተፈጨ፣ ከዚያ ለስላሳ ምግብ። እንጀራ ገና ነው። የተሰፋው ጨጓራ እስኪድን ጫና አይችልም፣ በጣምም ትንሽ ስለሆነ አንድ ስኒ ውሃ እንኳ ቀስ እየተባለ፣ በትንሽ በትንሹ ነው የሚጠጣ።

እያንዳንዱ ደረጃ ስንት ቀን እንደሚቆይ ሐኪማችሁና የቀዶው ዓይነት ይወስናሉ፤ የሌላ ሰው አትከተሉ።

ባሕር ዳርም ሁኑ ደብረ ማርቆስ፣ ጠያቂ ዶሮ ወጥና ጠላ ይዞ መምጣቱ አይቀርምና ቤተሰቡን አስቀድማችሁ አስረዱ። ትኩሳት ወይም እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም ከመጣ ግን ሳታድሩ ወደ ሐኪም ሂዱ።