ሴት የላከው ሞት አይፈራም

ባለፈው ሳምንት ማታ ታክሲ ውስጥ ነው፣ ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል፣ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆመናል። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ስልኩ ጮኸ፣ ሚስቱ ናት፣ የህፃኑ ወተት አልቋል ሱቁ ሳይዘጋ ያዝ ስትለው ይሰማል፣ እሱም "እሺ እሺ መጣሁ" ብሎ ጃኬቱን ራሱ ላይ ጣል አርጎ እዛው መሀል መንገድ ላይ ወረደ። ረዳቱ በሩን እየጎተተ "ሴት የላከው ሞት አይፈራም!" አለና ታክሲው በሙሉ ሳቀ። እኔን ግን ከፋኝ፣ ቤቴ እስክገባ ድረስ ሲከነክነኝ ነበር።

አሁን አሁን ይሄ አባባል ሲወራ የምሰማው እንዲህ ብቻ ነው፣ ሚስቱን የሚሰማ ወንድ ሁሉ ጅል ነው ለማለት። እኔ ያደግኩት ጎጃም ገጠር ነው፣ እኛ ጋ ደሞ "ሴት የላከው ጅብ አይፈራም" ነበር የሚባለው፣ ጅቡም የምር ጅብ ነበር።

እሳት ልጫር የሄደ ልጅ ያውቀዋል። ማታ ማታ ፍሙ አመድ ውስጥ ይዳፈናል፣ ክብሪት እንደ ልብ ስለማይገኝ የተዳፈነው ከጠፋ ያለው መላ አንድ ነው፣ ጎረቤት ሄዶ መጫር። እናቴ ገል ትሰጠኛለች፣ አመድ ትነሰንስበታለች፣ ፍሙ ሲቀመጥበት እጄን እንዳይፈጀኝ ነው፣ ከላይ ደሞ ንፋስ እንዳይበላው ስባሪ ኩበት። ከዛ መሬት ላይ እንትፍ ትልና "ይቺ ምራቅ ሳትደርቅ ድረስ!" ትለኛለች። በቃ፣ እዚህ ላይ ነው ነገሩ ያለው። ፀሐይዋ ገብታለች፣ ጅቡ ከገደሉ ማዶ ጀምሯል፣ የጎረቤት ውሻ ደሞ ከጅቡ አይሻልም፣ ግን እኔ ራሴን የማስበው እንደ ፈሪ ልጅ ሳይሆን የእናቴ መልእክተኛ እንደሆንኩ ነው፣ ያቺ ምራቅ ልትደርቅ ነው እያልኩ እበራለሁ። ደጃፍ ላይ "ማነው?" ሲሉኝ ስሜን አልናገርም፣ "እማዬ ልካኝ ነው" ነው የምለው። ይቺ ቃል የማትከፍተው በር አልነበረም። በድንበር ተጣልተው አባቶቻችን የማይነጋገሩበት ቤት እንኳን ሄጄ አውቃለሁ፣ እሳቱን ሰጥተውኛል፣ እሷ ናት የላከችው፣ ምን ይበሉ። ስመለስ "እደግ ተመንደግ" ትለኛለች፣ ያኔ ጅቡን ገድዬ የመጣሁ ያህል ነው የሚሰማኝ።

መልእክት ከሆነ ደሞ ሌላ ስርዓት ነበረው። ጎረቤታችን ባላቸው የሞተባቸው ሴት ነበሩ፣ እህላቸው ሲደርስ ደቦ እንድጠራላቸው ይልኩኛል፣ ከመሄዴ በፊት ግን "በል፣ ምን ልትል ነው?" ብለው ቃሉን በሙሉ ያስደግሙኛል፣ አንዲት ቃል ብጨምር ወይ ብቀንስ እንደገና። እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ሄጄ ቆሜ ያንን ስናገር ጢማቸው የሸበተ ትልልቅ ሰዎች ተነስተው ነበር የሚሰሙኝ፣ የሚሰሙት እኮ እኔን ሳይሆን እሳቸውን ነው። ግዕዙም ይሄንኑ ይነግረናል፣ ለአከ ማለት ላከ ነው፣ መልእክትም መልአክም ከዛው የወጡ ናቸው። መላክ በቋንቋችን ትንሽ ስራ አልነበረም።

አሁን ወደ "ሞት" እንምጣ። ወተት ግዛ የተባለ ሰው ምን ሞት አለበት? እሳት ጫሪውም ቢበዛ ጅብ ነው ያለበት። ሞት ወዳለበት ሰው የሚልክ መንግስት ነው። ስለዚህ እኔ የማምነው ዋናው አባባል የሞቱ እንደሆነና ጅቡ ከኋላ ቤት ለቤት የተበጀ እንደሆነ ነው፣ መነሻውም ሴት ነግሳ መልእክተኛ ስትልክ የነበረበት የድሮ ዘመን ነው። አንዳንዱ የለም ከጦር ሜዳ ነው፣ ፈሪውን ሚስቱ ሰድባ ስታዘምተው ነው ይላል፣ እሱ ቢሆን ግን "ሴት የሰደበችው" ይባል ነበር እንጂ የላከው አይባልም ነበር።

እንዲህ ስል ህንደኬን እያሰብኩ ነው። ህንደኬ የአንዲት ሴት ስም አይደለም፣ የመርዌ ነገስታት እናቶችና ንግስቶች የማዕረግ ስም ነው፣ መርዌ ደሞ ዛሬ ሱዳን ውስጥ ከካርቱም በስተሰሜን አባይ ዳር ያለው የኩሽ ከተማ ነው፣ ግሪኮች ያንን አገር ነበር ኢትዮጵያ የሚሉት። ሮማውያን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ በ30 ግብፅን ከያዙ በኋላ ወደ ደቡብ ግብር መጣል ጀመሩ፣ በ25 ገደማ የኩሽ ጦር አስዋንን መታ፣ የአውግስጦስ ቄሳርን ሀውልቶች ነቅሎ ሄደ። ያኔ የነበረችውን ህንደኬ የታሪክ አጥኚዎች አማኒሬናስ ይሏታል፣ በዛው ዘመን የኖረው ግሪካዊ ጸሐፊ ስትራቦን አንድ ዓይኗ የጠፋ፣ እንደ ወንድ የጠነከረች ሴት ነበረች ብሎ ፅፏል። ሮማ ግብፅ ላይ የሾመችው ገዢ ፔትሮኒየስ ወርዶ ከተማዋን ናፓታን አፈረሰባት፣ ፕሪምኒስ ምሽግ ላይ 400 ወታደር ከሁለት ዓመት ስንቅ ጋር ትቶ ተመለሰ፣ እሷ ግን ከተማዋ ፈርሶም አልተኛችም፣ በብዙ ሺህ ጦር ምሽጉ ላይ ዘመተችበት፣ ፔትሮኒየስ ሮጦ ቀድሟት ደረሰ።

ከዛ ነው መልእክተኞቿ የመጡት። ፔትሮኒየስ ጉዳያችሁን ለቄሳር ንገሩ አላቸው፣ እነሱም ቄሳር ማን እንደሆነ፣ የትስ እንደሚገኝ አናውቅም አሉት! ዓለምን ግማሽ የያዘ ሰው ነው እኮ፣ ሀውልቱን ነቅለው የወሰዱበትን ሰው ነው አናውቀውም የሚሉት፣ ይሄንንም የሚሉት በጠላት ጦር መሀል ቆመው ነው። አጃቢ ተሰጥቷቸው በባህር እስከ ሳሞስ ደሴት ሄዱ፣ አውግስጦስን አገኙት፣ የጠየቁትን ሁሉ አገኙ፣ ግብሩም ተነሳላቸው። እኔ ይሄን ባነበብኩ ቁጥር ያቺ እናቴ መሬት ላይ እንትፍ ያለቻት ምራቅ ናት ትዝ የምትለኝ።

እ.ኤ.አ. በ1910 ደሞ መርዌ ሲቆፈር የአውግስጦስ የነሐስ ራስ ከአንድ ቤተ መቅደስ ደረጃ ስር ተቀብሮ ተገኘ፣ የሚገባ የሚወጣው እንዲረግጠው ነው ይባላል፣ ዛሬ ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ነው ያለው።

ታዲያ የመርዌ ነገር ወደ አማርኛ በየት በኩል መጣ የሚለኝ ካለ በቤተክርስቲያን በኩል እለዋለሁ። ሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ በገንዘቧ ሁሉ የሰለጠነው የህንደኬ ጃንደረባ አለ አይደል፣ በምድረ በዳው መንገድ በሰረገላ እያነበበ ሲሄድ ፊሊጶስ ያገኘው። እሱ ከሳሞሶቹ መልእክተኞች በኋላ ነው የመጣው፣ የሱም እመቤት ሌላ ህንደኬ ናት፣ ግን ታሪኩ ሲነበብ አያቶቻችን ሲሰሙት የኖሩት የሴት ንግስት ሹም ያንን ሁሉ በረሃ አቋርጦ መሄዱን ነው፣ ከዛ ወዲያ እሳት ልጫር ለሚሄድ ልጅ ቃሉን ማውረስ ምን ይከብዳል።

ረዳቱ ወጣት ነው፣ አልፈርድበትም፣ እሱም ግን በእናቱ ተልኮ ያደገ ልጅ መሆን አለበት። ያሳዘነኝ እሱ ሲለው እንደኔ የሸበቱት ሰዎች አብረው መሳቃቸው ነው፣ እነሱ እኮ ያውቁታል፣ ፍም ተሸክመው ሮጠዋል። ልጁን በመስኮት አየሁት፣ ጃኬቱን ራሱ ላይ እንደያዘ ጎርፉን ዘሎ መብራት ወደሚታይበት ሱቅ ገባ፣ ሱቁ አልተዘጋም ነበር።