የዩሬይል ፓስ «4 ቀን» ሲል ምን ማለቱ ነው?

ከጎንደር ተነስቶ፣ መኪና ሳይከራይ፣ አውሮፓን በባቡር ለመዞር ያሰበ ሰው ዩሬይል ፓስ ላይ (ከአውሮፓ ውጭ ለሚኖሩ የሚሸጥ፣ በብዙ የአውሮፓ አገሮች ባቡር የሚያሳፍር ትኬት) ሲደርስ ግራ ይጋባል። «በ1 ወር ውስጥ 4 ቀን» ይላል። ቀኖቹ የግድ ተከታታይ አይደሉም። ባቡር የምትሳፈሩባቸውን 4 ቀናት ራሳችሁ ትመርጣላችሁ። ሮም ላይ 5 ቀን ብትቀመጡ አንዱም አይቆጠርባችሁም።

አንድ ቀን የሚባለው በአገሩ ሰዓት ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ቀጣዩ ሌሊት 6 ሰዓት። በዚያ መሃል ባቡር እንደልብ መቀያየር ይቻላል። ማታ ከቪየና ተሳፍራችሁ ጠዋት ሮም ብትወርዱ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ባቡር እስካልቀየራችሁ ድረስ፣ የሚቆጠረው የተነሳችሁበት ቀን ብቻ ነው። ይሄ ደስ የሚል ነገር ነው።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ወንበሩ ላይ ነው። የአዲስ አበባ አውቶቡስ ትኬት ስትቆርጡ የወንበር ቁጥር አብሮ ይሰጣችኋል። ፓሱ ግን ወንበር አይሰጥም። በፈጣኖቹ ባቡሮች፣ በፈረንሳዩ ቲጂቪና በጣሊያኑ ፍሬቻሮሳ፣ ለብቻ ከፍሎ ወንበር ማስያዝ ግዴታ ነው። በጀርመኑ ፈጣን ባቡር አይሲኢ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳያስይዙ መሳፈር ይቻላል። ፓሪስን ካሰባችሁ ወንበሩን በጊዜ ያዙ፤ ለፓስ የሚመደበው ቦታ ቶሎ ያልቃል።

ፍራንክፈርት የሚኖር ዘመድ አብሯችሁ ከተጓዘ፣ እሱ የሚገዛው ኢንተርሬይል የተባለውን፣ ለአውሮፓ ነዋሪዎች የሚሸጠውን ፓስ ነው።