«ሳይቃጠል በቅጠል»፦ ምቱን የሚቆጥረው ማነው?

ባለፈው ሰሞን መሥሪያ ቤታችን ኔትወርክ ሁለት ቀን ሙሉ ጠፋ። በሦስተኛው ቀን ስብሰባ ተጠራ። አለቃችን ጉሮሯቸውን ጠርገው «እንግዲህ ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ቶሎ ቶሎ እንሥራ» አሉ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔ ከንፈሬን ነከስኩ።

አባባሉን የማያውቅ የለም። ከተማ ሲገባ ግን «ፍጠን» ብቻ ሆኖ ቀረ። ቅጠሉ ተረሳ።

ልጅ ሆኜ በበጋ አያቴ ዘንድ እሄድ ነበር። ዝናብ ሲጥል ለምለም እንዲበቅል የግጦሹ ደረቅ ሣር ይቃጠላል። እሳቱ ወደ ጎረቤት ጭድ ክምር እንዳይሻገር፣ እኛ ልጆች ቅጠል ይዘን ዳር ዳሩን እንቆማለን። ቅጠል ሁሉ ደግሞ ቅጠል አይደለም። ብሳና ይመረጣል፤ ሰፊና እርጥብ ነው። አንዴ የባሕር ዛፍ ይዤ ስሮጥ አያቴ ከእጄ ነጠቁኝ። «ዘይት ልትጨምርበት ነው?» አመታቱም ወግ አለው። እጅን ሰቅሎ መደብደብ ፍንጣሪ ይበትናል። ጫን አድርጎ ወደ ተቃጠለው በኩል መጥረግ ነው።

አያቴ ግን ከነበልባሉ ይልቅ ምቱን ነበር የሚቆጥሩት። ጠዋት እሳቱ በአንድ ምት ይተኛል። ረፋድ ላይ ሁለት ይፈልጋል። ምቱ አራት አምስት ሲደርስ፣ እሳቱ ገና ከጉልበቴ በታች እያለ፣ «ሰው ጥሩ!» ይላሉ። ለዓይን የተለወጠ ነገር የለም። መተኛቱ ብቻ ዘግይቷል።

እንግዲህ የኔ ግምት ይኸው፦ ቅጠሉ መምቻ ብቻ ሳይሆን መለኪያም ነበር። አባባሉን ያወጣው ሰው ምት ቆጣሪ መሆን አለበት። አንድ የቋንቋ አዋቂ ወዳጄ ይስቅብኛል። «ቤት እንዲመታ ነው እንጂ፤ ተቃጠለም ቅጠልም ቀ-ጠ-ለ ናቸው» ይላል። ይበል። ቤት ለመምታትማ ስንት ቃል ነበር!

ደግሞ ሳይንሱም ለአያቴ ሳያደላ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2009 ሆላንዳዊው ሳይንቲስት ማርተን ሼፈርና ባልደረቦቹ ኔቸር መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አውጥተው ነበር። ሐይቅም ይሁን የአየር ንብረት ወይም የገንዘብ ገበያ፣ ሁኔታው ሊገለበጥ ሲቃረብ ብዙ ጊዜ ከትንሽ መናጋት ለማገገም ይዘገያል ይላሉ። ምት መቁጠር ማለት ይኸው ነው።

ምት ቆጣሪ ሲጠፋስ? እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2003 በአሜሪካዋ ኦሃዮ ግዛት ውስጥ ያልተከረከሙ ዛፎች የከፍተኛ ኃይል መስመሮችን ነኩ። (እዚያስ ቅጠሉ ራሱ ነው የጫረው።) የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ማስጠንቀቂያ ሶፍትዌር ቀድሞ ሞቷል፤ ተረኞቹ አላወቁም። አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ወደ 50 ሚሊዮን ሰው ጨለማ ዋጠው።

የኛን ኔትወርክ የአይቲው ልጅ ቆጥሮት ነበር። ሲቋረጥ መጀመሪያ በ2 ደቂቃ ይመለስ ነበር። ቀጥሎ በ10። ከዚያ በግማሽ ሰዓት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ተናገረ። «ተመልሷል አይደል እንዴ?» ተባለ። አባባሉ ያኔ ነበር የሚያስፈልገው። አመድ ላይ ቆሞ «ሳይቃጠል» ማለት ምን ይሉታል? «ሳይ» የምትለዋ እኮ ለጌጥ አልገባችም።

ቃለ ጉባኤው ላይ አባባሉ በደማቁ ሰፍሯል። የልጁ ስም ግን የለም።