ድሬ ላይ ስለ ቤት ኢንተርኔት የሚወራው እና እውነታው

ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ቤት ሲከተው ድሬ ላይ በርጫ ይያዛል። ኳሱ ተወርቶ ሲያልቅ ቀጥሎ የሚነሳው ዋይፋይ ነው። አንዱ «ፋይበር አስገባሁ፣ ግን ያው ነው» ይላል፤ ፋይበር ማለቱ ኢንተርኔትን በብርሃን የሚያመጣው የመስታወት ክር ነው። ሌላው «ማታ ማታ ሆን ብለው ይቀንሱብናል» ብሎ ይምላል። ሦስተኛው ደግሞ ስታርሊንክን፣ ከሳተላይት የሚመጣውን ኢንተርኔት፣ እየጠበቀ ነው። በሰፈሩ ራውተር (ዋይፋይ የሚያሰራጨውን ሳጥን) የሚነካካ ሰው ተብዬ ስለምታወቅ ክርክሩ ዞሮ ዞሮ እኔ ላይ ያርፋል። እኔም መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የሚዘገየው የቱ ጋ ነው? ከስልክህ እስከ ራውተሩ፣ ከራውተሩ እስከ ሰፈሩ ሳጥን፣ ወይስ ከድሬ ከወጣ በኋላ? ይሄ ካልተለየ የሚወራው ሁሉ ግምት ነው።

«20 ሜጋ ከፍዬ የሚወርድልኝ 2 ሜጋ ተኩል ነው፤ ተበላሁ»

አልተበላህም። ኢንተርኔት የሚሸጠው በሜጋ ቢት ነው፣ ስልክህ ፋይል ሲያወርድ የሚያሳይህ በሜጋ ባይት ነው። 1 ባይት 8 ቢት ስለሆነ 20 ለ8 ሲካፈል 2.5 ይመጣል። ያጣላን ሁለቱንም «ሜጋ» ብለን መጥራታችን ነው። በዚህ ፍጥነት 1 ጊጋ ባይት የሆነ ፊልም 7 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ 4 ሜጋ ቢት ያለው ቤት ደግሞ ለዚያው ፊልም 33 ደቂቃ ይጠብቃል።

«መስመሩ ነው ደካማው»

አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የሚገኘው ሳሎን ውስጥ ነው።

ከዚራ ውስጥ ከባቡሩ ዘመን በቀረ ቤት የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ «አንተ፣ ይሄን ነገር ወይ አስተካክለው ወይ ንቀለው» ብለው አስጠሩኝ። (ድሬ ነውና እኔም አፍ ለአፍ ስንሆን አንተ ነው የምላቸው፤ አንቱታው ለጽሑፍ ያህል ነው።) ራውተሩ ቡፌው ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተቀምጧል። ከላዩ እጅ ሥራ ዳንቴል ለብሷል። ሳነሳው ትኩስ ዳቦ የያዝኩ መሰለኝ። ላፕቶፕ በገመድ ሰክቼ ስለካ የገዙት 20 ሜጋ ሙሉውን ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ይገባል። ስልኬን ይዤ መኝታ ቤት ስገባ ግን ሩቡም አልደረሰም። በመሃል ያሉት ሁለት የድንጋይ ግድግዳዎች ውፍረታቸው የክንድ ያህል ነው፤ ያኔ ሲሠሩ የታሰበው ሙቀትን ለመከላከል እንጂ ለዋይፋይ አልነበረም። ራውተሩን ኮሪደር ላይ ከፍ አድርገን ሰቀልነው፣ ዳንቴሉ ወደ ቴሌቪዥኑ ተመለሰ፣ ቅሬታውም እዚያው ቀረ። ወርሃዊ ክፍያው ላይ አንድ ብር አልተጨመረም።

አብዛኛው የአሁን ራውተር በሁለት ዓይነት ሞገድ ይሠራል፤ በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ። የመጀመሪያው ግድግዳን የተሻለ ያልፋል፣ ግን ቀርፋፋ ነው፤ የጎረቤት ሁሉ ራውተርም እዚያው ላይ ይጨናነቃል። ሁለተኛው ይፈጥናል፣ ግን ግድግዳ አይወድም። እግረ መንገዴን፦ የዋይፋያችሁ ስም መጨረሻ ላይ «5ጂ» የሚል ካያችሁ ይሄው 5 ጊጋኸርዝ ነው። ከአምስተኛው ትውልድ የሞባይል ኔትወርክ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። «ቤቴ ፋይቭ ጂ ገባ» ብሎ ቡና ያፈላ ሰው አውቃለሁ፣ ደስታውን ማበላሸት ከብዶኝ ጠጥቼ ወጣሁ።

ሐረር ጀጎል ውስጥ የሚኖር ዘመድ ያላችሁ ይሄንን ክፍል ላኩለት። የእነሱ ግድግዳ ከከዚራው ይብሳል።

«ማታ ሆን ብለው ይቀንሱታል»

ማንም ሆን ብሎ ባይቀንሰውም ማታ ላይ ይዘገያል። ፋይበር እስከ ቤት ሲመጣ እያንዳንዱ ቤት የራሱ መስመር ያለው ይመስላል፤ እውነቱ ግን አንድ የመስታወት ክር ሰፈር ውስጥ ተከፋፍሎ 32 ወይም 64 ቤት ድረስ መዳረሱ ነው። በብዛት የሚሠራበት ጂፖን የሚባለው ቴክኖሎጂ በዚያች ክር ላይ ወደ ቤት 2.5 ጊጋ ቢት፣ ከቤት ወደ ውጭ 1.25 ጊጋ ቢት በሰከንድ ያሳልፋል። 2.5 ጊጋው ለ32 ቤት ቢካፈል እንኳ ለእያንዳንዱ 78 ሜጋ ገደማ ይደርሰዋል። ሁሉም 20 ሜጋ ገዝተው ሁሉም በአንድ ሰከንድ ቢጠቀሙ ይበቃል ማለት ነው። ስለዚህ ፋይበር ያለው ሰው ማታ ሲዘገይበት መጨናነቁ ብዙ ጊዜ የሰፈሩ ክር ላይ ሳይሆን ከዚያ ወዲያ፣ ከተማን ከከተማ እና አገርን ከውጭ በሚያገናኘው መስመር ላይ ነው።

ሲም የሚገባበት ራውተር ለሚጠቀም ግን ነገሩ ሌላ ነው። እሱ የሚጋራው አንቴናውን ነው፤ አንቴናው ደግሞ በመንገድ የሚያልፈውን ስልክ ሁሉ ያገለግላል። ቀፊራ አጠገብ የሚኖር ሰው ገበያው ሲደምቅ ኢንተርኔቱ ቢደክም አይግረመው።

መለየት ከፈለጋችሁ ማታ 3 ሰዓት ላይ ለኩ፣ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ደግሞ ለኩ፣ ሁለቱንም በገመድ። ሌሊት ሙሉ ሆኖ ማታ ከጎደለ መጨናነቅ ነው። ሁለቱም ከጎደሉ እቃው ወይም መስመሩ ጋ ችግር አለ፣ ያኔ ቅሬታችሁን ቁጥር ይዛችሁ አቅርቡ።

«ጅቡቲ ጎናችን ናት፣ ድሬ ከአዲስ አበባ መፍጠን ነበረባት»

ይሄኛውን የምወደው ነው፣ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። ኢትዮጵያ ባሕር ስለሌላት ከዓለም ጋር የምትገናኘው በጎረቤት አገር በኩል ነው፤ ጅቡቲ ደግሞ ብዙ የባሕር ውስጥ ኬብሎች የሚወጡባት ናት፦ ኢሲ፣ ኤኤኢ-1፣ ዳሬ-1 እና ሌሎችም። ከእኛ እስከዚያ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ግን ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። መልእክታችሁ መጀመሪያ አዲስ አበባ ደርሶ ቢመለስ እንኳ ለዚያ ጉዞ የሚጨመረው 5 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። ዓይን የሚጨፈንበት ጊዜ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይረዝማል። ለባሕሩ መቅረብ ፍጥነት አይገዛም። ወሳኙ በዚያ በር ስንት እቃ ይገባል፣ ለበሩስ ስንት ይከፈላል የሚለው ነው። የድሬ ነጋዴ ይሄ አይጠፋውም፤ ወደቡ ቅርብ ስለሆነ ብቻ እቃ ረክሶ አያውቅም።

በሩ ሲሰበርም እንጎዳለን። በየካቲት 2016 ቀይ ባሕር ውስጥ ሦስት ኬብሎች ተበጥሰው በእስያ፣ በአፍሪካ እና በአውሮፓ መካከል የሚሄደው መልእክት ሌላ መንገድ እንዲፈልግ ተገዶ ነበር። እንዲያ ባለ ጊዜ ዩቲዩብ እየሠራ የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ገጽ አልከፍት ቢል አይግረማችሁ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ብዙ የሚታየውን ነገር በየአገሩ ባሉ ቴሌኮሞች ግቢ ኮፒ አድርገው ያስቀምጣሉ፤ ያልተቀመጠው ግን ባሕር መሻገር አለበት። «ስፒድ ቴስት ላይ ጥሩ ነው፣ ሥራዬ ግን አይከፍትም» የሚለውም መልሱ እዚህ ነው። መለኪያው የሚመርጠው አጠገብ ያለውን ሰርቨር፣ ማለትም መልስ የሚሰጠውን ኮምፒውተር፣ ነው።

«ፋይቭ ጂ ከመጣ ፋይበር ጊዜው አለፈ»

የፋይቭ ጂ አንቴና ራሱ በብዛት ከሥሩ ፋይበር ይፈልጋል። አየር ላይ የሚሄደው የመጨረሻዋ ጥቂት መቶ ሜትር ናት።

ነገሩን በባቡር ላስረዳ፤ ድሬ ከባቡር ውጭ በምን ይማላል? ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ፣ ወደ ሐረር ተራራውን መውጣት ስላልቻለም ከተማችን ከሥሩ በቀለች። የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ነበር። ከ2010 ጀምሮ የሚሠራው የኤሌክትሪክ ባቡር ሲመጣ ስፋቱ 1.435 ሜትር ስለሆነ አሮጌው አላገለገለውም፣ ከአፈሩ ጀምሮ ሁሉም እንደ አዲስ ተሠራ። የመዳብ የስልክ ሽቦም እንደዚያው አሮጌ ሐዲድ ነው። በሽቦው የሚመጣው ኤዲኤስኤል የሚባለው ኢንተርኔት ቢበዛ 24 ሜጋ ነበር፤ ያውም ቤትህ ከማዕከሉ ሲርቅ እየቀነሰ።

መስታወቱ ግን ከባቡሩ ተሽሏል። ዛሬ 2.5 ጊጋ የሚያሳልፈው ክር ነገ ሁለቱ ጫፍ ላይ ያሉት ሳጥኖች ብቻ ተቀይረው 10 ጊጋ ያሳልፋል፤ ኤክስጂኤስ-ፖን የሚባለው ይሄን ያደርጋል፣ የብርሃኑ ቀለም ስለሚለይም አሮጌውና አዲሱ በአንድ ክር ጎን ለጎን ይሠራሉ። ሐዲዱ ሳይነካ ሎኮሞቲቩ ተቀየረ እንደማለት ነው። ስለዚህ በራችሁ ላይ ፋይበር የሚዘረጋ ሰው ከመጣ፣ ዛሬ የሚሰጣችሁ ፍጥነት ትንሽ ቢሆንም አትመልሱት።

«ስታርሊንክ ሲመጣ ይሄ ሁሉ ያበቃል»

የድሮው ሳተላይት 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ስለሚቆም ድምፅ ደርሶ እስኪመለስ ግማሽ ሰከንድ ያስጠብቃል። የስታርሊንኮቹ ግን 550 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ ስለሚዞሩ መዘግየቱ በጣም ቀንሷል፤ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ለገጠር ትምህርት ቤት፣ ፋይበር ለማይደርስበት ጤና ጣቢያ ወደር የለውም።

ሰው በተጠጋጋበት ከተማ ግን ሳተላይቱም የሚጋራው አቅም አለው። ኬንያ ውስጥ በ2023 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀምሮ በቀጣዩ ዓመት ኅዳር ላይ ናይሮቢና አካባቢዋ አቅም ሞልቷል ተብሎ አዲስ ደንበኛ መቀበል አቁሞ ነበር። ሰማዩም ሰልፍ አለው።

«ቴክኖሎጂ እየረከሰ ስለሚሄድ ሂሳቡ ይወርዳል»

የአንድ ሜጋ ዋጋ ይወርዳል፤ በወር የምትከፍሉት ግን ያው ነው፣ ወይ ይጨምራል። በነሐሴ 2010 ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ኢንተርኔትን 43 በመቶ፣ የመደበኛ ብሮድባንድን 54 በመቶ ቀነሰ። ያኔ የተረፈንን ገንዘብ ምን አደረግነው? ፍጥነት ጨመርንበት። ጥርት ያለ ቪዲዮ በሰከንድ 5 ሜጋ ቢት ይበላል፣ በሰዓት ሲሰላ 2.25 ጊጋ ባይት ነው። ቀን በቀን ሁለት ሰዓት የሚያይ ቤት በወር 135 ጊጋ ይጨርሳል። ከአሥር ዓመት በፊት እንዲህ የሚያይ ቤት በሰፈራችን አልነበረም።

ውድድርም አለ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ኔትወርኩን ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈተው በነሐሴ 2014 እዚሁ ድሬዳዋ ነው፣ ከአዲስ አበባም በፊት። ግን ፉክክር ቶሎ የሚነካው የሞባይል ዳታን ነው። ቤት ድረስ ክር መዘርጋት ቁፋሮ፣ ምሰሶ እና የሰው ጉልበት ይፈልጋል፤ አንቴና አንድ ተተክሎ ሺህ ሰው ያገለግላል፣ ቁፋሮ ግን በር በበር ነው።

በዚህ ላይ ደግሞ ዶላሩ አለ። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ራውተሩ፣ የአንቴናው እቃ፣ የባሕር ኬብሉ ኪራይ፣ ሁሉም በዶላር ነው። የተባበሩት መንግሥታት የብሮድባንድ ኮሚሽን መነሻ ኢንተርኔት እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ከአንድ ሰው የወር ገቢ ከ2 በመቶ በታች እንዲሆን ግብ አስቀምጦ ነበር። ደሞዛችሁን ለ50 አካፍሉና ከምትከፍሉት ጋር አስተያዩት።

የእኔን ምክር ከፈለጋችሁ ወደ ትልቁ ፓኬጅ አትሩጡ። አንድ ጥርት ያለ ፊልም 5 ሜጋ፣ ባለ ፎር ኬ 15 ሜጋ ይበቃዋል። አራት ሰው ያለበት ቤት በ20 ሜጋ ይኖራል፣ ዳንቴሉ ከተነሳ።

«ፋይበር ዘመናዊ ስለሆነ መብራት ሲጠፋም ይሠራል»

የተገላቢጦሽ ነው። የድሮው የቤት ስልክ መብራት ጠፍቶም ይጮህ የነበረው ማዕከሉ በሽቦው ራሱ 48 ቮልት ስለሚልክለት ነው። መስታወት ግን ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ አይሸከምም፤ ቤት ያለው ሳጥን ከግድግዳው ሶኬት ካላገኘ ይሞታል። አብዛኞቹ ሳጥኖች የሚፈልጉት 12 ቮልት ስለሆነ ትንሽ ባትሪ በመሃል ቢገባ ለሰዓታት ያቆያቸዋል። ሳጥናችሁ ጀርባ ላይ የተጻፈውን ቮልት ሳታዩ ግን አትሰኩ።

መብራት መጥቶ ሳጥኑ ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ደግሞ አጥፍቶ ማብራት አይረዳም። ብርሃኑ አልደረሰም ማለት ነው፤ ያቺ ቀጭን ክር የሆነ ቦታ ታጥፋለች ወይም ተበጥሳለች። ወደ ስልክ ከመሮጣችሁ በፊት ከግድግዳው እስከ ሳጥኑ በጣት ተከተሏት። እኔ ቤት አንድ ቀን ሙሉ ከፈለግናት በኋላ የተገኘችው ሶፋው እግር ሥር ነው፤ ለበዓል ቤት ሲጸዳ ሶፋው አንድ ስንዝር ወደ ግድግዳው ተገፍቶ ነበር።