አረብኛን በጉልምስና መማር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አረብኛ ለጎንደር እንግዳ ቋንቋ አይደለም። በአዲስ ዓለም ሰፈር ኪታብ (የሃይማኖት መጽሐፍ) ይቀራበታል፤ በመተማ በኩል ወደ ሱዳኖቹ ከተሞች ገላባትና ገዳሪፍ የሚነግዱ ይገበያዩበታል፤ ከሳዑዲና ከቤይሩት የተመለሱ እኅቶቻችንም በሥራ ላይ የለመዱትን ይዘው መጥተዋል። ይሁን እንጂ ሠላሳ ዓመት ያለፈው ሰው «አረብኛ ልጀምር ነው» ሲል የሚሰማው ምክር እርስ በርሱ ይጋጫል፤ ምክንያቱም መካሪዎቹ የሰፈሩን ንግግር፣ የዜናውን ቋንቋና የኪታቡን አረብኛ በአንድ ስም ይጠሯቸዋል።

«የሱዳን አረብኛ የተበላሸ ነው፤ ትክክለኛው ፉስሓ ብቻ ነው።»

ፉስሓ፣ ማለትም የዜናውና የኪታቡ አረብኛ፣ በትምህርት የሚገኝ ቋንቋ እንጂ ማንም አረብ ከእናቱ ጡት ጋር የሚጠባው አይደለም። ሁሉም በቤቱ የአገሩን አነጋገር ይናገራል፤ የሱዳኑም እንደ ግብጹና እንደ ሊባኖሱ የራሱ ሥርዓት አለው። «ምን ትፈልጋለህ?» ለማለት ሱዳናዊው «ዳየር ሹኑ?»፣ ግብጻዊው «ዓይዝ ኤህ?»፣ የቤይሩቱ ሰው «ሹ በደክ?» ይላል፤ መጽሐፉ ደግሞ «ማዛ ቱሪድ?» ይላል። ስለዚህ ከኪታብ ብቻ የተማረ ሰው መተማ ወርዶ ቢጠይቅ ምናልባት ፈገግ ቢሉበትም ይረዱታል፤ የሚቸገረው መልሱን ለመስማት ነው። በአንጻሩ የገበያውን ንግግር አቀላጥፎ የሚያውቅ ነጋዴ የቃላቱን መጨረሻ በ«ኡ»፣ በ«አ»ና በ«ኢ» የሚለዋውጠውን የኪታቡን ሰዋስው አያገኘውም፤ ይህ ለውጥ በሰፈር ንግግር ውስጥ ቀርቷልና። በእኔ እምነት ለንግድ የሚማር ሰው ከሱዳኑ፣ ለኪታብ የሚማር ደግሞ ከፉስሓው ቢጀምር ይሻለዋል፤ ሁለቱን በአንድ ሳምንት መጀመር ግን ማምታታት ነው።

«ቁርኣን የቀራ ሰው አረብኛ ያውቃል።»

ማንበብና መረዳት በእኛው አገር ትምህርት ከጥንት ጀምሮ የተለዩ ናቸው። ዳዊት የደገመ ተማሪ ግእዙን የሚፈታው ቅኔ ቤት ገብቶ ግሱንና አገባቡን ካጠና በኋላ እንደሆነ ጎንደር ውስጥ ለማንም መንገር አያስፈልግም። በኪታቡም በኩል ይኸው ነው፤ ቁርኣኑን በተጅዊድ (በንባብ ሕጉ) አሳምሮ የሚቀራ ደረሳ (ተማሪ) ትርጉሙን የሚያገኘው ነህው (አገባብ) እና ሰርፍ (የቃላት እርባታ) ሲማር ነው። ብዙዎች ነህውን የሚጀምሩበት «አጅሩሚያ» የተባለው አጭር መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1323 ያረፈው የሞሮኮዋ ከተማ የፌዝ ሊቅ ኢብን አጁሩም ሥራ ነው።

«ካረጁ በኋላ ምላስ አይታጠፍም።»

ግማሽ እውነት አለው። በአነጋገር ለዛ ልጅ ጎልማሳን ይበልጣል፤ ሰዋስውን በመጀመሪያዎቹ ወራት ፈጥኖ የሚይዘው ግን ጎልማሳው ነው። እኛን የሚፈትኑን ድምፆች የታወቁ ናቸው። «ሀ»ን፣ «ሐ»ንና «ኀ»ን በጽሑፍ እየለየን በአፋችን አንድ አድርገናቸዋል፤ አረብኛ ሦስቱንም ይለያል፤ «ዐ»ንም ከ«አ» ይለያል። ትግርኛ የሚችል ሰው «ሐ»ንና «ዐ»ን ስላልተዋቸው እዚህ ላይ ይቀድመናል። ብዙ መምህራን የሚያልፉት ደግሞ «ጠ»ን ነው፦ የእኛ «ጠ» ጉሮሮ ተዘግቶ የሚፈነዳ ሲሆን፣ የአረቦቹ «ጧ» ሳይፈነዳ የምላስ ሥር ወደ ኋላ ተስቦ የሚወፍር ድምፅ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስም እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲገባ ይናገረው የነበረውን አረብኛ የተማረው በጉልምስናው ነው።

«የሙስሊሞች ቋንቋ ብቻ ነው።»

ፍትሐ ነገሥትም ስንክሳርም ወደ ግእዝ የተመለሱት ከአረብኛ ነው፤ የግብጽ ክርስቲያኖች ዛሬም ይጸልዩበታል።

«ፊደሉ ያስቸግራል።»

ፊደሉ 28 ብቻ ነው፤ ሁለት መቶ ሠላሳ ያህል ቅርጽ በልጅነቱ የቆጠረ ሰው ሊፈራው አይገባም። የሚያስቸግረው ያልተጻፈው ነው፤ የእኛ ፊደል አናባቢውን በላዩ ይሸከማል፤ አረብኛ ግን አጭሩን አናባቢ በተለመደው ጽሑፍ ይተወዋል። «ከ፣ ተ፣ በ» የሚሉት ሦስት ፊደላት «ከተበ» (ጻፈ)፣ «ኩቲበ» (ተጻፈ) ወይም «ኩቱብ» (መጻሕፍት) ተብለው ሊነበቡ ይችላሉ፤ የሚለየው ዐረፍተ ነገሩ ነው። መውጫው ሥሩን ማወቅ ነው፤ ከ«ጸሐፈ» ጸሐፊ፣ መጽሐፍና ጽሕፈት እንደሚወጡ የሚያውቅ ሰው ካቲብ (ጸሐፊ)፣ ኪታብ (መጽሐፍ) እና መክተብ (ቢሮ) ከአንድ ሥር መምጣታቸው አይደንቀውም። የቆዩት መዛግብተ ቃላት በአብዛኛው የተደረደሩትም በሥር ነውና ሥር ማውጣት ያልለመደ ሰው ቃሉን ፈልጎ አያገኘውም።

«በሦስት ወር ያልቃል።»

የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የቋንቋ ተቋም ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ሠራተኞቹ ለአረብኛ 2,200 ያህል የክፍል ሰዓት ይመድባል። አማርኛ የሴም ቋንቋ በመሆኑ ለእኛ አንዳንዱ ይቀላል እንጂ ሥራው ሦስት ወር አይሆንም። ሦስት ወር በትጋት ለሠራ ሰው ፊደሉን፣ ሰላምታውን፣ ቁጥሩንና የገበያውን ጥያቄ ይሰጠዋል፤ ነህው የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው።